የኮልሶርዶ በር መቀርቀሪያ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተማችን ሮካቬንታ ከምሳ እንቅልፏ ስትነቃ፣ በከተማው በር ላይ ሁለት ባዶ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለው አገኘች። ስድስት መቶ ዓመት በሰንሰለቶቹ ላይ ተጋድሞ የኖረው የኮልሶርዶ በር መቀርቀሪያ የለም።

እኔ ጩኸቱን የሰማሁት አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ ነው። መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰለኝ። ወጥቼ ነገሩን ስሰማ ግን ምነው ሰው በሞተ አልኩ። ሰው ቢሞት ይቀበራል፤ ይሄ ውርደት የት ይቀበራል?

ሳጅን ኔሎ እባላለሁ። በዚህ ቅጥር ውስጥ ተወልጄ፣ በዚህ ቅጥር ውስጥ አግብቼ፣ በዚህ ቅጥር ውስጥ ወፍሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ኮልሶርዶ ሰዎች ያለ አድልዎ እናገራለሁ ብዬ አልዋሽም፤ አንቱታም አይወጣኝም። ኮልሶርዶ ማዶ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ እንደኛው በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። አያቶቻችን አንድ ክረምት በሯን ሰብረው ገቡና የሚዘረፍ ቢያጡ የበሩን መቀርቀሪያ ነቅለው መጡ። በበራችን ላይ፣ ወደ አደባባዩ በሚያየው በኩል ሰቀሉት። እርቅ ሲወርድ ደግሞ አንድ ነገር አስማሏቸው፦ የኮልሶርዶ ወንድ በዚህ በር ሥር ሲገባም ሲወጣም ባርኔጣውን ያወልቃል።

ዛሬ ማንም አያስገድዳቸውም። እጃቸው ግን ነጻ መውጣቱን አልሰማም። ባለፈው በጋ አንዱ በብስክሌት እየበረረ መጣና በሩ ሥር ሲደርስ ሄልሜቱን ሊያወልቅ ሁለት እጁን ለቀቀ። ያገኘነው የአደባባዩ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው። ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ የነበርነው ሁሉ ቆመን አጨበጨብንለት።

በየዓመቱ በበዓሉ እሑድ የኮልሶርዶ ሰዎች ጠያቂያቸውን አስቀድመው ይመጣሉ። ጠያቂው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «መቀርቀሪያችንን መልሱልን» ይላል። ከንቲባችን «ለከርሞ» ይላል። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ ዝይ እንበላለን። ዘንድሮ ግን ከንቲባ ፋብሪዚዮ «ለከርሞ ማለት ይብቃን፤ በቴሌቪዥን ፊት በክብር እንመልስላቸው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ሰውየው ያየው ክብሩን ሳይሆን ማማውን መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ ደንባችን መሠረት፣ መቀርቀሪያው ለኮልሶርዶ እስካልተመለሰ ድረስ የበር ጠባቂው ቤተሰብ በበሩ ማማ ላይ ይኖራል። ከቤተሰቡ የቀሩት እትዬ አርጂያ ብቻ ናቸው። ፀጉራቸው ነጭ፣ ምላሳቸው ምላጭ፣ ተወልደው ያደጉት እዚያው ማማ ላይ። ብረቱ እሑድ ከተመለሰ እትዬ አርጂያ ሰኞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከቅጥሩ ውጪ ወዳለው የሲሚንቶ ፎቅ ይወርዳሉ፤ ማማው ደግሞ የከንቲባው የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል።

* * *

ኢንስፔክተር ጋቪና ፒራስ ከሰርዲኒያ ደሴት ወደኛ ጣቢያ ከተዛወረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከምሳ በኋላ የማትተኛ ሴት ናት። በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ከተማው በደንብ አላመናትም።

ባዶዎቹን ሰንሰለቶች አየች፤ ግንቡ ላይ ተደግፎ የቀረውንም መሰላል አየች።

«መሰላሉ የማነው?»

«የአርጂያ!» አለ ከንቲባው እየተንጎራደደ። «ሌላ የማን ይሆናል? ብረቱ እሑድ ከተመለሰ ሰኞ የምትወጣው እሷ አይደለችም? እሷ ናት የደበቀችው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ መቀርቀሪያውን ያስጠፋ ጠባቂ ከነጓዙ ከቅጥሩ ውጪ!»

«ስለዚህ ብረቱ ቢመለስም ይወጣሉ፤ ቢጠፋም ይወጣሉ።»

«ደንብ ነው።»

«ታዲያ መስረቁ ምን ይጠቅማቸዋል?»

ከንቲባው መሰላሉን በጫማው ረገጥ አደረገ።  «እኔ ምን አውቃለሁ! መርማሪዋ እርስዎ ነዎት። የእሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ካልተገኘ ግን አርጂያ ማማው ላይ አታድርም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው ብዬ በልቤ አጉረመረምኩ። በአፌ እንዳልለው ከንቲባው የሚስቴ አጎት ነው።

መጀመሪያ የአደባባዩን ሰዎች ጠየቅን። ሥራው ፈጥኖ አለቀ፤ ሁሉም ያለው አንድ ነገር ነውና።

«በምሳ እንቅልፍ ሰዓት የት ነበሩ?» ትላለች ኢንስፔክተሯ።

«ተኝቼ።»

«ምስክር አለ?»

«ሚስቴ።»

«እሷስ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ተኝታ።»

ቡና ቤቱ ተኝቷል። ፋርማሲው ተኝቷል። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነበር፤ እሱም ተኝቷል። ኢንስፔክተሯ ወደኔ ዞር አለች።

«አንተስ ኔሎ?»

«እኔ ጥበቃ ላይ ነበርኩ» አልኳት። እግሬን አየችው። አንዱ ካልሲ አሁንም አልነበረም።

* * *

እትዬ አርጂያን ማማው ላይ፣ መስኮቱ ሥር ባቄላ ሲፈለፍሉ አገኘናቸው።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «አንተ ኔሎ ግን ቁም፤ ያቺ ወንበር አትችልህም።»

«እትዬ አርጂያ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ብረቱ ሲወርድ ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ያን የሚያህል ብረት፣ ከመስኮትዎ ሥር?»

«እርጅና ነው ልጄ። ጆሮዬን ደፍኖታል።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን አገላበጠች።  እትዬ አርጂያ ድንገት ቀና ብለው «አንተ ኔሎ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ? ሆድህ እየጮኸ ነው እኮ» አሉኝ።

ኢንስፔክተሯ ትኩር ብላ አየቻቸው። እትዬ አርጂያ ቀስ ብለው ወደ ባቄላቸው ተመለሱ።

«ብረቱ ካልተገኘ ከዚህ ያስወጡዎታል፤ ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

እትዬ አርጂያ በመስኮቱ ወደ ማዶው ኮረብታ አዩ። የፈለፈሏትን የባቄላ ፍሬ ከገለባው መሃል ጣሏት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቆጡ እንጂ ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም።

«ባቄላ ይዘሽ ሂጂ» አሉ። «ከስተሻል።»

ደረጃውን ስንወርድ «ዋሽተዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሌባዋ እሳቸው ናቸው ማለት ነው?»

«የሰረቀ ሰው ለራሱ ይዋሻል። እሳቸው የዋሹት ለሌላ ሰው ነው።»

በሩ ሥር ስንደርስ ተንበረከከች። በበሩ ቅስት መሃል ለመሃል፣ በረገጥነው ድንጋይ ላይ፣ ረጅም የዝገት መስመር ታትሟል። ትኩስ ነው፤ በጣቷ ስትነካው ቀይ አለ።

«እዚህ ጋ አሳርፎታል» አለች።

«ከባድ ነው እኮ፤ ደክሞት ይሆናል።»

«ከመሰላሉ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው? ገና አንስቶት ደከመው? ደግሞ ሌባ ማረፍ ካማረው በጥላና በጥግ ያርፋል እንጂ ከአደባባዩም ከመንገዱም በሚታይበት በበር መሃል ያርፋል?»

 ሆዴ ብቻ መለሰላት።

* * *

«ሌላ ብረቱ እንዳይመለስ የሚፈልግ ማን አለ?» አለችኝ ወደ ጣቢያ ስንሄድ።

«ኡባልዶ ነዋ! ዳቦ ጋጋሪው።»

ኡባልዶ «አንሰጥም!» የሚል ማስታወቂያ ሱቁ በር ላይ ከለጠፈ ሰንብቷል። ከኮልሶርዶ ለመጣ ሰው ዳቦ ሲሸጥ እንኳ የተቃጠለውን መርጦ ነው። ስንገባ ፊቱ ከዱቄቱ በላይ ነጣ። ጀርባውንም ትልቁ የዱቄት ሣጥን ላይ ለጠፈ።

«ከሣጥኑ ዞር በል ኡባልዶ» አልኩት።

«ዱቄት ነው!»

«እሱንማ እናያለን።»

«ኔሎ፣ አብረን ያደግን! በእናትህ!»

ገፋ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩ። እጄን እስከ ብብቴ ዱቄቱ ውስጥ ሰደድኩ። አንድ ጠንካራ ነገር ነካሁ።  ጎትቼ ሳወጣው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ክብ፣ ገና ያልደረቀ የአይብ ዳቦ ነው። ከላዩ የኮልሶርዶ ዳቦ ቤት ማህተም አለበት፤ ከጎኑ ደግሞ የተገመጠ።

 ከዚያ ኡባልዶ በዱቄት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«የነሱ ይበልጣል» አለ እየተንሰቀሰቀ። «እርሾው ነው መሰል፤ እኔ እንጃ። ሃያ ዓመት ሞክሬ አልመጣልኝም። በየሳምንቱ አንድ ካልበላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይሄ ከታወቀ አለቀልኝ ኔሎ!»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪ የጠላቱን ዳቦ ሲልስ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

«ዛሬ በእንቅልፍ ሰዓት ምን ሲያደርጉ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይሄንኑ ስበላ። ሚስቴ ስትተኛ ጠብቄ ነው የምበላው።»

«ዳቦውን ማን ያመጣልዎታል?»

«ዴሊዮ። የኮልሶርዶው ጠያቂ። ለበዓሉ የሚጠበሱትን ዝዮች ዛሬ በባጃጁ ሲያመጣ ሥራቸው ሸሽጎ ሰጠኝ። ባጃጁን ከበሩ ውጪ አቁሞ ዝዮቹን አራገፈ፣ ሄደ።»

«ሲሄድ አይተዋል?»

ኡባልዶ አይኑን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እንኳ ዳቦውን ይዤ ጓዳ ገብቼ ነበር።»

ዳቦውን መለስንለት። ኢንስፔክተሯ ግን ቁራሽ ቆርሳ ቀመሰችው። እኔም ለምርመራው ስል ቀመስኩ። ይበልጣል።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ከኡባልዶ ሱቅ አንድ ኩንታል ዱቄት አስመጣችና ከመሰላሉ ሥር አሸከመችኝ።

«ተሸክመህ ውጣ። ሲደክምህ አስቀምጠው።»

ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እየሳቀ «በርታ አንተ ጉልበታም!» ይለኛል። በበሩ ሥር አለፍኩ፤ መንገዱን ይዤ ወረድኩ። እስከ ወይራ ዛፉ ደርሼ ነው የጣልኩት። ላቤ በዱቄቱ ላይ እየወረደ ሊጥ ሆንኩ።

«ለምን በሩ ሥር አላሳረፍከውም?»

«ምን ቆርጦኝ? ገና ምኑም አልተሰማኝ!»

«እሱም ገና ምኑም አልተሰማውም ነበር።» ድንጋዩ ላይ ያለውን የዝገት መስመር እንደገና አየች። «ታዲያ ለምን?»

በዚህ መሃል ከኮልሶርዶ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ፖስተኛ ሽቅብ መጣ። በሁለት እጁ ትልቅ ካርቶን ታቅፏል። በሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ካርቶኑን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ካርቶኑን አነሳና «እንደምን አደራችሁ» ብሎን ገባ።

እኔ «ደህና አደርክ» ብዬ ጉልበቴን ማሸት ቀጠልኩ። ይሄን በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ኢንስፔክተሯ ግን እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች።

«ኔሎ፣ ያ ሰው አሁን ምን አደረገ?»

«የቱ?»

«ካርቶኑን ለምን አስቀመጠ?»

«ኮፍያውን ሊያወልቅ ነዋ። የኮልሶርዶ ሰው አይደል?» አልኩና አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

ኮረብታው፣ ግንቡ፣ የአያቶቼ አጥንት፣ ሁሉም የሳቁብኝ መሰለኝ። ከተማዬን ያህል ነገር አውቃለሁ ስል፣ ነገሩ እግሬ ሥር ተጽፎ አላነበብኩትም! ሌባው የሰረቀውን ብረት ታቅፎ፣ ሰው ሳያየው ሊያመልጥ እየሮጠ፣ በሩ ሥር ሲደርስ እንዳባቱ ቆመ። ብረቱን አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ነው ስርቆቱን የቀጠለው።

«ዓርብ በምሳ ሰዓት እዚህ የነበረ የኮልሶርዶ ሰው ማን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ዴሊዮ ብቻ። ግን አይሆንም! እሑድ ብረቱን በክብር የሚረከበው እኮ እሱ ነው። ነገ የሚሰጡትን ነገር ዛሬ የሚሰርቅ ማን ነው?»

«ነገ እንዲሰጡት የማይፈልግ ነዋ» አለችና ወደ መኪናው ሄደች።

* * *

ዴሊዮ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም ትከሻው ያልወረደ ሽማግሌ ነው። ከኮልሶርዶ ግንብ ሥር ባለው ግቢው ውስጥ ለተረፉት ዝዮቹ ውሃ ሲያጠጣ ደረስን። ዝዮቹ እኔን ሲያዩ በጩኸት አገር አፈረሱ፤ እነሱም የኮልሶርዶ ናቸው።

የዝዮቹ ቤት በር ላይ አንድ ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ብረት በአግድም ተቀርቅሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ አንጋጥጬ ያየሁት ብረት!

ኢንስፔክተሯ በእጇ ዳሰስ አደረገችው። «ጥሩ መቀርቀሪያ ነው። ይዘጋል?»

ዴሊዮ ባልዲውን አስቀመጠ። «ስድስት መቶ ዓመት ሥራ ፈትቶ ለከረመ ብረት ምንም አይልም።»

«ለከተማዎ ሰዎች ለምን አላሳዩትም?»

«እነሱማ ካዩት መቼ ይለቁታል? በማግስቱ በራቸው ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ በዓል የለ፣ ጥያቄ የለ። እኔ የምፈልገው የትም እንዳይመለስ ነው። ደንባችሁ እስካልተመለሰ ድረስ አርጂያ ማማው ላይ ትኖራለች አይልም? እኔ መቼ መለስኩት? ሰረቅሁት እንጂ!»

«የደንቡን ሁለተኛ ክፍል አልሰሙም» አለች ኢንስፔክተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ብረቱን ያስጠፋ ጠባቂ ከነጓዙ ይባረራል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አርጂያን ሊያስወጧቸው ነው።»

ዴሊዮ እዚያው የዝዮቹ ገንዳ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«እሷን? በኔ ጦስ?» አለ። «እሷስ ምን አለች?»

«ምንም አልሰማሁም አሉ።»

«አርጂያ? አይጥ ጢሟን ስታሽ የምትሰማው አርጂያ?» ሽማግሌው ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ወደ ዝዮቹ ዞርኩ፤ የኮልሶርዶ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልለመድኩም።

ብረቱን ራሱ ባጃጁ ላይ ጫነው። በምሳ እንቅልፍ ሰዓት ሮካቬንታ ደረስን። በሩ ሥር ባጃጁን አቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ሦስታችንም ተጋግዘን መቀርቀሪያውን ሰንሰለቱ ላይ መለስነው። ከተማው አንኮራፋ እንጂ አልነቃም።

* * *

ከንቲባው ከእንቅልፉ ነቅቶ ነገሩን ሲሰማ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«ይታሰር! አሁኑኑ!»

«ይታሰሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብቻ ለቴሌቪዥኖቹም የምናገረውን ይስሙልኝ። አንድ የኮልሶርዶ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት መቶ ዓመት ያስጠበቃችሁትን ብረት ወሰዱ። መላው ሮካቬንታ ያንኮራፋ ነበር። ምክር ቤቱም በስብሰባ ላይ ያንኮራፋ ነበር።»

የከንቲባው ቡጢ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ይሄን ሌላ ማን ሰማ?» አለ በሹክሹክታ።

«እስካሁን እኛ ብቻ።»

«ብረቱ... ብረቱ ዝገቱ ሊጠረግ ነው የወረደው» አለ ከንቲባው ላቡን እየጠረገ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«መልካም። ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም። ነገስ ይመለስላቸዋል?»

«ከእንግዲህማ በሬሳዬ ላይ! ፈርተው መለሱልን ሊሉን ነው?»

«ካልተመለሰ እትዬ አርጂያ...»

ከንቲባው መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዋጥ አደረገው። «ባሉበት ይኑሩ።»

እስካሁን ባርኔጣውን ሲያሻሽ የነበረው ዴሊዮ ድንገት ብድግ አለ።

«ቆዩ እንጂ! አያቶቼ ያልቻሉትን፣ አባቴ ያልቻለውን አደረግሁ። ታዲያ ለማንም ላልናገር ነው?»

«ለማንም» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለወንድሜ እንኳ?»

«ለዝዮችዎ እንኳ።»

ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። ከእስራት የከፋ ፍርድ ካየሁ ያን ቀን ነው።

* * *

እሑድ አደባባዩ ጢም አለ። ዴሊዮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረበና «መቀርቀሪያችንን መልሱልን» አለ፤ ድምፁ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። ከንቲባው ወደ ካሜራው ዞሮ ሳንባው እስኪቀደድ «ለከርሞ!» ብሎ ጮኸ። የኛ ሰው በደስታ ተንጫጫ። የሚገርመው የኮልሶርዶ ሰውም ተንጫጫ፤ እነሱም ከርሞ ዝይ መብላት ይፈልጋሉ።

በልማዳችን ጠያቂውን በማዕድ የሚያስተናግደው በር ጠባቂው ነው። እትዬ አርጂያ የዝይ ጭኑን አምጥተው ዴሊዮ ፊት ዱብ አደረጉት።

«ብረቱን ስታስቀምጥ ሰምቻለሁ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ከጎን ወይን እየቀዳሁ ነበር። «ብረቱ ካረፈ በኋላ ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሳ። ባርኔጣ እያወለቀ የሚሰርቅ ከአንተ በቀር ማን አለ ብዬ አንገቴን መስኮቱ ላይ አላወጣሁም።»

«ቤትሽን ሊወስዱብሽ ሲሉስ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተን አሳስሬ ማማው ላይ ምን ልጠብቅ?»

ዴሊዮ ሹካውን አስቀመጠ። 

«ደግሞስ አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ አርጂያ ወገባቸውን ይዘው፣ አሁን ድምፃቸው ከፍ ብሎ፣ «በየዓመቱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ዝዬን ስትበላ፣ ከዚያ ከዛገ ብረት ሌላ የምትጠይቀው ነገር ጠፋህ?»

ገበታው ሁሉ ወደነሱ ዞረ። ዴሊዮ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ለከርሞ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ለከርሞ የሚለው ከንቲባው ነው። እኔ አንድም ቀን ብያለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በመኸር ተጋቡ። አሁን አንቱ እላቸዋለሁ፤ የእትዬ አርጂያ ባል ናቸውና። ኮልሶርዶ ሌላ ጠያቂ መረጠች፤ በደንባችን መሠረት ደግሞ የበር ጠባቂዋ ባል ጠባቂ ነውና፣ መቀርቀሪያውን ከኮልሶርዶ ሌቦች የሚጠብቁት ጋሼ ዴሊዮ ሆኑ። በሥራቸው ማንም አያማቸውም።

ከምሳ በኋላ ሮካቬንታ ስትተኛ እሳቸው ለኡባልዶ የሚያደርሱትን ዳቦ ከኮልሶርዶ ይዘው ይመለሳሉ። በሩ ሥር ቆም ይላሉ፤ የያዙትን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ላይ ማማው ውስጥ፣ ጆሮዬን እርጅና ደፍኖታል ያሉት ሴትዮ ይሰማሉ፤ ተነስተውም ሾርባውን ያሞቃሉ።